«ቅድመ ሁኔታ» እና «መስፈርት» አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ አንድ የሥራ ማስታወቂያ «አመልካቾች ቅድመ ሁኔታዎችን ማሟላት አለባቸው» ሲል ሌላው «መስፈርቶችን» ይላል። ልዩነት አላቸውን? «ቅደመ ሁኔታ» ተብሎ መጻፉስ ትክክል ነው?

መልስ፦ ከአጻጻፉ ልጀምር። ትክክሉ በሳድሱ «ድ» የተጻፈው «ቅድመ» ነው። ቃሉ «በፊት» የሚል ትርጉም ያለው የግእዝ ቃል ሲሆን «ሁኔታ» ግን «ሆነ» ከሚለው የአማርኛ ግስ የወጣ ነው፤ የግእዙ «ኮነ» በአማርኛ «ኾነ» ስለሆነም «ኹኔታ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እነርሱም አልተሳሳቱም።

ልብ ሊባል የሚገባው የጥምረቱ ጠባይ ነው። «ቅድመ ታሪክ» ከታሪክ በፊት ያለ ዘመን ነው፤ «ቅድመ አያት»ም ከአያት በፊት ያለ ወላጅ ነው። «ቅድመ ሁኔታ» ግን ከሁኔታ በፊት ያለ ነገር ሳይሆን ራሱ የሚቀድመው ሁኔታ ነው፤ «ቅድመ ክፍያ»ም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። የሚቀድመው ምንን እንደሆነ ቃሉ ብቻውን ስለማይናገር፣ ከዐውዱ የማይታወቅ ከሆነ በ«ለ» መግለጽ ያስፈልጋል፦ «ተኩስ ማቆም ለድርድሩ ቅድመ ሁኔታ ነው»።

«መስፈርት» የወጣው «ሰፈረ»፣ ማለትም «ለካ» ከሚለው ግስ ነው፤ «መስፈሪያ»ም ወንድሙ ነው። ስለዚህ መስፈርት መለኪያ ነው፤ ቅድመ ሁኔታ ደግሞ ካልተሟላ ቀጣዩን ነገር የሚያስቀር ነው። ለምሳሌ ለውድድር ለመቅረብ ዲግሪ ግድ ከሆነ ዲግሪው ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ከቀረቡት መካከል የሚበልጠው የሚለይበት የፈተና ነጥብና የሥራ ልምድ ግን መስፈርት ነው። በዘመናችን አጠቃቀም «መስፈርት አሟላ» ለሁለቱም ስለሚነገር ማስታወቂያዎቹን ስሕተት ናቸው አልልም፤ ይሁን እንጂ ማጣሪያውና መመዘኛው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀርቡ ሁለቱን ቃላት መለየት አመልካቹን ከከንቱ ድካም ያድነዋል ብዬ አምናለሁ።

አብሮት የሚነገረው ግስም በትርጉሙ ላይ ጥላውን ያጠላል፤ «ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ» አድልዎ የሌለበት አነጋገር ሲሆን «ቅድመ ሁኔታ ደረደረ» ግን ተናጋሪው ጥያቄው እንደበዛበት ያሳያል። «አስቀድሞ መሟላት ያለበት ቅድመ ሁኔታ» የሚለው፣ መቅደሙ በ«ቅድመ» ስለተነገረ ድግግሞሽ ነው፤ «መሟላት ያለበት ቅድመ ሁኔታ» ይበቃል።