ምዕራፍ 10 ከምዕራፍ 2 ሲቀድም፦ ስለ ትረካ ፋይሎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ዓይነ ስውር ነኝ፣ መጽሐፍ የማነበው በጆሮዬ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ በኤንቪዲኤ፣ ስልክ ላይ በቶክባክ፤ ሁለቱም ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች (ስክሪን ሪደር) ናቸው። የትረካ ፋይል አደረጃጀት ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ፣ ከብቸናና ከባሕር ዳር ጥያቄ መጥቶልኛል፤ አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ምዕራፍ 1 ሲያልቅ ስልኬ ወደ ምዕራፍ 10 ይሄዳል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም ወንድሜ። ብዙ ማጫወቻዎች ስሙ ውስጥ ያለውን ቁጥር እንደ ቁጥር አይቆጥሩትም። እንደ ፊደል ከግራ ጀምረው አንድ በአንድ ያዩታል። 10 የሚጀምረው በ1 ነው፣ ስለዚህ ከ2 ይቀድማል። 1፣ 10፣ 11፣ 12 እያለ ሄዶ ከዚያ 2 ይመጣል። መድኃኒቱ ዜሮ ነው። ፋይሉ ከ100 ካነሰ 01፣ 02 በሉት፤ 100 ከደረሰ 001፣ 002።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ዊንዶውስ ፎልደሩን ሲያሳያችሁ ቁጥሩን አውቆ በትክክል ይደረድረዋል፣ እናንተም ልክ ነው ብላችሁ ወደ ስልክ ትገለብጡታላችሁ፣ ስልኩ ላይ ያለው ማጫወቻ ደግሞ በራሱ መንገድ ይሄዳል። የሚያይ ሰው ስክሪኑን ገልመጥ አድርጎ ስህተቱን ይይዘዋል። እኛ የምናውቀው ግማሽ ሰዓት ካዳመጥን በኋላ ነው። እኔ አንድ ጊዜ የልቦለዱን ባለታሪክ ሞት ከልጅነቱ በፊት ሰምቻለሁ። ያንን መጽሐፍ እንደገና ብሰማውም የመጀመሪያው ጣዕም አልተመለሰልኝም። ለዚህ ነው ነገሩን አጥብቄ የማወራው።

ጥያቄ፦ እኔ በቁጥር ሳይሆን «ምዕራፍ አንድ»፣ «ምዕራፍ ሁለት» ብዬ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። እሱም ይዘበራረቃል።

መዘበራረቁ አይቀርም እህቴ። ማጫወቻው የሚያውቀው የፊደል ገበታውን ተራ ነው፣ ሀ ለ ሐ መ። አንድ እስከ አስርን በዚያ ተራ ደርድሪው፦ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ስድስት፣ አምስት፣ አራት፣ አስር፣ አንድ፣ ዘጠኝ። አየሽ፣ አንድ ዘጠነኛ ወጣ! በዚያ ላይ «ሦስት»ን በንጉሡ ሠ ሳይሆን «ሶስት» ብለሽ ከጻፍሽው ቦታው ይቀየራል፣ ከስድስት በኋላ ይገባል። ስሙ አማርኛ ቢሆን ግድ የለም፣ እንዲያውም ደስ ይላል፤ ግን ቁጥሩ ይቅደም፦ «01 ምዕራፍ አንድ»። ቁጥሩ ፊት መሆኑ ለጆሮም ይጠቅማል። ስክሪን ሪደሩ ከግራ ጀምሮ ነው የሚያነበው፣ ረጅሙን የመጽሐፍ ስም በየፋይሉ ከመስማት ቁጥሩን ሰምተሽ ማለፍ ነው። የመጽሐፉን ስም ለፎልደሩ ስጪው።

ጥያቄ፦ የቅኔ ተማሪ ነኝ፣ እኔም አላይም። የኔታ ሲያስተምሩ በስልኬ የቀዳሁት አለ፤ በየዓይነቱ ፎልደር አበጅቼለት ነበር፣ ተራው ግን የተማርኩበት ተራ አይደለም።

ይሄ ጥያቄ ልቤን ነው የነካው። ጎንጅና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ባሉበት አገር ቅኔ የኖረው በጆሮና በቃል ነው፤ ስልኩም ያንኑ ተራ ሊጠብቅልህ ይገባል። አሁን በፊደል ተራ ነው የተቀመጠብህ። መወድስ መጀመሪያ ወጥቷል፣ ጉባኤ ቃና መጨረሻ። ባለ ሁለት ቤቱ የጀማሪ ቅኔ ከሁሉም በኋላ፣ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ከሁሉም በፊት ማለት ነው። ፎልደሮቹን ቁጥር አስጀምራቸው፦ «1 ጉባኤ ቃና»፣ «2 ዘአምላኪየ»፣ «3 ሚበዝኁ» እያልክ የኔታ ባስተማሩህ ተራ ቀጥል። ከዘጠኝ ካላለፈ ዜሮ አያስፈልግም። ውስጡ ያሉትን ቅጂዎች ደግሞ በቀን ሰይማቸው፤ ዓመተ ምሕረት ይቅደም፣ ከዚያ ወር በቁጥር፣ ከዚያ ቀን፦ «2017-03-12»። ወሩን «ኅዳር» ብለህ ከጻፍከው ያው የፊደሉ ጣጣ ይመለሳል። የኔታንም ሳታስፈቅድ ለሌላ ሰው እንዳትልክ አደራ።

ጥያቄ፦ 60 ፋይል በእጅ መሰየም ይቻላል ወይ?

ይቻላል፣ ግን ዘዴ አለው። ዊንዶውስ ላይ የመጀመሪያው ፋይል ላይ ሆናችሁ ኤፍ2 ተጫኑ፣ ጻፉ፣ ከዚያ ኢንተር ሳይሆን ታብ። ታብ የጻፋችሁትን አስቀምጦ ቀጣዩን ፋይል ለመሰየም ይከፍትላችኋል። ሁሉንም መርጦ አንድ ጊዜ ኤፍ2 መጫንም አለ፤ እሱ ግን በቅንፍ (1)፣ (2) እያለ ያለ ዜሮ ነው የሚሰይመው፣ ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳችኋል። መጨረሻ ላይ ያለውን ነጥብ ኤምፒ3 አትንኩት። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ የፎልደሩን ኮፒ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ስሙን አስተካክያለሁ፣ ዜሮም አለው። አሁንም ይዘላል።

እንግዲያው ማጫወቻህ የፋይሉን ስም አያይም፣ ውስጡ ያለውን ታግ ነው የሚያየው። በኤምፒ3 ፋይል ውስጥ ርዕስ፣ አልበም፣ ተራኪና የትራክ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አለ። ከሲዲ የተገለበጠ መጽሐፍ ላይ ይሄ ብዙ ያጋጥማል፦ መጽሐፉ አምስት ሲዲ ቢሆን እያንዳንዱ ሲዲ ከ1 ስለሚጀምር አምስት ትራክ 1 ይኖርሃል፣ ማጫወቻውም አምስቱን አከታትሎ ያጫውታቸዋል። ዊንዶውስ ላይ ኤምፒ3ታግ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፎልደሩን ክፈትበት፣ ፋይሎቹ በስም ተራ መሆናቸውን አረጋግጥ፣ ኮንትሮል ኤ ብለህ ሁሉንም ምረጥ፣ ከዚያ ኮንትሮል ኬ። ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል። አልበም የሚለው ቦታ ላይ የመጽሐፉን ስም በሁሉም ፋይል አንድ ዓይነት አድርገህ ጻፍ። አንዲት ፊደል ከተለየች መጽሐፉ ለሁለት ይከፈላል።

ጥያቄ፦ በፍላሽ አድርጌ በትንሿ ስፒከር ነው የምሰማው። ልጄ ስሙን ቢያስተካክልልኝም እንደ ድሮው ነው።

ጋሼ፣ ልጅዎ አልተሳሳተም። ብዙ ርካሽ ስፒከሮችና ሬዲዮኖች ስምም ታግም አያዩም። መጀመሪያ ፍላሹ ላይ የተጻፈውን መጀመሪያ ያጫውታሉ። ፍላሹ ላይ እንዳለ ስሙን መቀየር ብዙ ጊዜ ተራውን አይቀይረውም። ልጅዎ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጥ፣ ፍላሹን ፎርማት ያድርገው፣ ከዚያ ከ01 ጀምሮ በተራ ይገልብጥ። በጅምላ ሲገለብጥ ከተዘበራረቀ አንድ በአንድ ያድርገው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። ፎርማት ሁሉንም ስለሚያጠፋ ከማስቀመጡ በፊት እንዳይጀምር ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የዴዚ መጽሐፍ አግኝቼ ፋይሎቹን እንዳልከው በቁጥር ሰየምኳቸው። አሁን አይከፈትም።

ዴዚን ስም አትቀይሩበት! ዴዚ ለእኛ ለማናይ ሰዎች ተብሎ የተሠራ የመጽሐፍ ዓይነት ነው፣ ተራውን የሚያውቁ ሌሎች ትናንሽ ፋይሎች አብረውት አሉ፤ እነሱ እያንዳንዱን ድምፅ በስሙ ነው የሚጠሩት። ስሙ ሲቀየር ያጡታል። የመጀመሪያው ኮፒ ካለሽ እሱን መልሺ፣ ፎልደሩን እንዳለ በዴዚ ማጫወቻ ክፈቺው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አንድ ትልቅ ፋይል ባደርገው አይቀልም?

ተራው አይዘበራረቅም፣ እሱ እውነት ነው። ግን የ10 ሰዓት ኤምፒ3 ውስጥ ቦታ ከጠፋባችሁ በቶክባክ መፈለግ አድካሚ ነው። ፋይሉ ኤም4ቢ የሚባለው፣ ምዕራፍ ምልክት ያለው የድምፅ መጽሐፍ ዓይነት ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ በምዕራፍ የተከፋፈለው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ቦታ የለውም፣ አንድ መጽሐፍ ስንት ቦታ ይይዛል?

ለንግግር በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይበቃል። በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ የ10 ሰዓት መጽሐፍ 290 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ትረካው እየሄደ ሰው ሲጠራኝ የማቆሚያውን ቁልፍ እስካገኝ ብዙ ያመልጠኛል።

ቁልፉን አትፈልጊው። አዲስ ቶክባክ ያለው ስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ የትም ቦታ በሁለት ጣት ሁለቴ ንኪው፣ ይቆማል። እንደገና ስትነኪው ይቀጥላል። የቆምሽበትን ቦታ የሚያስታውስ የመጽሐፍ ማጫወቻ ተጠቀሚ፤ የዘፈን ማጫወቻ ሲዘጋ ብዙውን ጊዜ ይረሳዋል።