ጥያቄና መልስ፦ ልጆቻችንን በቤት ለማስተማር ስንነሣ ዓላማችንን እንዴት እንወቅ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔና ባለቤቴ ሦስት ልጆቻችንን በቤት ልናስተምር ወስነናል። መጻሕፍት ገዝተናል፤ ሰዓትም ደልድለናል። ነገር ግን ሰው “ለምን?” ብሎ ሲጠይቀን መልሳችን በየጊዜው ይለዋወጣል። ዓላማችንን እንዴት እንረዳው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን ከወዲሁ ማስተዋልሽ መልካም ነው። ብዙ ወላጆች የሚነቁት ከወራት በኋላ፣ ደክመው ሊተዉት ሲሉ ነው።

ኦሪት ዘዳግም 6፥6-7 “ይህን ቃል በልብህ ያዝ” ካለ በኋላ ነው “ለልጆችህም አስተምረው” የሚለው። የወላጅ ልብ ይቀድማል። ከዚያም በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛና ስትነሣ “ተጫወተው” ይላል፤ በወግ በጨዋታ መካከል አንሣው ማለት ነው። ከአራቱ አንዱም የክፍል ሰዓት አይደለም። እንግዲህ ይህ ትእዛዝ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከውንም ወላጅ ይመለከታል። ስለዚህ “ልጆቻችን እግዚአብሔርን እንዲያውቁ” የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም፣ ለምን በቤት እንደምታስተምሩ ብቻውን አያስረዳም። “ትምህርት ቤቱ አስፈርቶን ነው” የሚለውም ከምን እንደሸሻችሁ እንጂ ወዴት እንደምትሄዱ አይናገርም።

እንዲህ አድርጉ። ለአንድ ሳምንት መጻሕፍቱን አስቀምጡና በጸሎት ቆዩ። በሳምንቱ መጨረሻ አንቺና ባለቤትሽ ሳትተያዩ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ይህ ልጅ በ18 ዓመቱ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ልናየው እንወዳለን? በሌላ መንገድ የማያገኘው፣ በቤት ብቻ የሚያገኘው ምንድን ነው? እኛስ ለዚህ ምን እንተዋለን፤ ሥራ፣ ገቢ፣ ዕረፍት? ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቆጥር ማስተማሩን አትርሱ (ሉቃ. 14፥28)። ከዚያ ወረቀቶቻችሁን አስተያዩ። ለአንዱ ልጅ የቤት ትምህርት የሚበጅ፣ ለሌላው ግን የማያስፈልግ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ፤ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

የጻፋችሁት ዓላማ የሚረባ መሆኑ የሚታወቀው “ይህን አናደርግም” ማለት ሲያስችላችሁ ነው። “ጎበዝ እንዲሆኑ” የሚለው ምንም አይከለክልም። “ንባብ የከበደው ልጃችን ሳያፍር በራሱ ፍጥነት እንዲማር” የሚለው ግን ከእኩዮቹ ጋር ማወዳደርን ይከለክላል፤ ጠዋት ንባብ እንዲቀድምም ያዛል።

ፈተናው የሚመጣው በክፉ ቀን ነው። የሰባት ዓመት ልጅ 52 ሲቀነስ 27 ተሰጥቶት 35 ብሎ ይጽፋል። ትሰርዢዋለሽ፤ ደግሞ 35 ይላል። ድምፅሽ ከፍ ይላል፤ እርሱም ያለቅሳል። ልጁ ሰንፎ አይደለም፤ ከ2 ላይ 7 መቀነስ ስላቃተው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀንሷል። ደብተሩን ዝጊና አምስት ባለ አሥር የእንጨት እስሮችና ሁለት ነጠላ እንጨቶች አቅርቢለት። አንዱን እስር ራሱ ይፍታ፤ ነጠላዎቹ 12 ይሆናሉ። ሰባቱን ሲያነሣ 5፣ ከቀሩት አራት እስሮች ሁለቱን ሲያነሣ 2 ይተርፋል፤ 25 መሆኑን በዓይኑ ያያል። ቅዱስ ጳውሎስ ልጆቻችሁን “አታስቆጡአቸው” ያለው (ኤፌ. 6፥4) በቤት ለሚያስተምር ወላጅ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ዓላማችሁ “ሳያፍር እንዲማር” ከሆነ፣ በዚያ ቀን የምዕራፉ አለማለቅ ጉዳት የለውም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ትምህርት ቤቱን እንዳለ ወደ ሳሎን ማምጣት ነው። ስምንት የትምህርት ዓይነት በአንድ ጊዜ ሲጀመር እናትም ልጅም ይዝላሉ። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ንባብ፣ ሒሳብና ቅዱሳት መጻሕፍት ይበቃሉ፤ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጨምሩ። ለትንንሾቹ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሆኑ አጫጭር ትምህርቶች፣ በድምሩ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል በቂ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን የምትኖሩበትን አገር ሕግ አጣሩ። እንደ ጀርመን የቤት ትምህርትን የማይፈቅዱ አሉ፤ ምዝገባ ወይም ዓመታዊ ፈተና የሚጠይቁም አሉ። በተፈቀደበትም ቢሆን የተማሩበትን ቀን መዝግቡ፤ ከየወሩ የልጆቹን ሥራ ጥቂት ገጽ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ። አንድ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ቢያስፈልገው ክፍሉን ለመወሰን ይህ ሊጠቅማችሁ ይችላል።