ፒቭስ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ደሴ ነው የምኖረው። ክረምቱን የቶሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ከቤት መውጣት ሲያስጠላ፣ የሃሪ ፖተርን ሰባቱንም መጽሐፍ ከጓደኛዬ እየተዋስኩ ጨረስኩ። ከዚያ ፊልሞቹን አየሁ። ወላሂ ተናደድኩ! ያ ረባሽ መንፈስ፣ ፒቭስ፣ አንዴ እንኳን የለም። እያካበድኩ ነው እንዴ?
አንባቢያችሁ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አላካበድሽም። ፒቭስ እኮ ለመጀመሪያው ፊልም ተዋናይ ተመርጦለት ተቀርጾ ነበር፤ ኋላ ቆርጠው አወጡት። ዋናው ጣጣ ሰዓት ነው። አምስተኛው መጽሐፍ ከሰባቱ ረጅሙ ሆኖ ሳለ ፊልሙ 138 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከመጀመሪያው ፊልም ከ152 ደቂቃው እንኳን ያንሳል። ያን ሁሉ ገጽ እዚያ ውስጥ ጠቅጥቂ ብትባዪ አንቺስ ማንን ታስቀሪያለሽ? እኔን መቁረጣቸው ብዙም አያበሳጨኝ፣ የሰው ጠባይ ሲቀይሩ ነው ደሜ የሚፈላው። በአራተኛው መጽሐፍ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዳምብልዶር፣ ሃሪ ስሙን የውድድር ተሳታፊዎችን በሚመርጠው አስማተኛ ጽዋ ውስጥ ጨምሮ እንደሆነ በእርጋታ ነው የሚጠይቀው። ፊልሙ ላይ ግን ሽማግሌው ተንደርድሮ መጥቶ ልጁን ይዞ እየገፋ ይጮህበታል! ለማንኛውም ሌላ ጊዜ መጽሐፍ እንደጨረስሽ ወዲያው ፊልሙን አትክፈቺ፣ ሁለት ሦስት ወር ይለፍ።