የሚግለው ሶኬትና ዝም ያለው ብሬከር

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «የኩሽናችን ሶኬት ውሃ ማፍያ ስንሰካበት ይግላል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ከምድጃው ጋር አብሮ ሲሰራ ብሬከሩ ይወርድ ስለነበር አንድ ሰራተኛ 16ቱን አውጥቶ 32 አምፔር ገጠመልን። አሁን አይወርድም፤ ቆጣሪው ግን ይሮጣል።»

ከሽታው ስነሳ፣ ሶኬቱ ውስጥ ሽቦ የላላ ይመስለኛል። ስፒናውን ነቅለው እግሮቹን ይዩ። አንዱ ብቻ ከጠቆረ፣ የላላው በዚያ በኩል ነው። እስኪጠገን ምንም አይሰኩበት።

አንድ ነገር ግን ረዘም አድርጌ ላስረዳ። 2000 ዋት ማፍያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ሽቦው በደንብ ከታሰረ መጋጠሚያው ላይ ያለው ተቃውሞ ከቁጥር አይገባም። ሲላላ መዳቡ የሚነካካው በጠባብ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ተቃውሞው ግማሽ ኦም ደረሰ እንበል። ሙቀቱን ለማወቅ አምፔሩን በራሱ፣ ከዚያ በተቃውሞው ማባዛት ነው። 9 በ9 81፤ ግማሹ 40 ዋት ገደማ። ትንሽ ይመስላል። ግን ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከአንዲት ብሎን ስር ነው፣ ያውም በፕላስቲክ ተከቦ። ሲግል መዳቡ ይጠቁራል፤ ሲጠቁር ተቃውሞው ይጨምራል፤ ያኔ ደግሞ ይብስበታል። ብሬከሩ ይህን አያውቅም። እሱ የሚቆጥረው አምፔር ነው፤ የላላ ሽቦ ደግሞ አምፔሩን ትንሽ ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። ቤት እየነደደ ብሬከር ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

ብሬከሩን የቀየረው ሰው በጣም አናዶኛል። የድሮው ብሬከር ስራውን እየሰራ ነበር፤ ምድጃና ማፍያ ሲደመሩ ከ16 ያልፋሉ። የሶኬት መስመር አብዛኛውን ጊዜ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው የሚዘረጋው። በ32 ብሬከር ስር ያ ሽቦ ጠባቂ የለውም። 16ቱን ያስመልሱ፤ ሁለቱን ዕቃዎች ደግሞ በየተራ ይጠቀሙ።

ወደ ጥገናው። መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱ። ቴስተሩን በሚሰራ ሌላ ሶኬት ላይ ሞክረው መብራቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ የሚከፍቱትን ሶኬት ሁለቱንም ቀዳዳ ይፈትሹ። የተበላሸ ቴስተር ኤሌክትሪክ እያለ «የለም» ይላል። ከፈቱ በኋላ የጠቆረውን ሽቦ እስከሚያብረቀርቀው መዳብ ድረስ ይቁረጡ፤ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ልጠው ያስገቡና ያጥብቁ። ሳብ ሲያደርጉት ንቅንቅ ማለት የለበትም። ውስጥ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ ካገኙ አይተዉት፤ ናስትሮ ይሸፍናል እንጂ አያጠብቅም።

ሶኬቱን ራሱን ይጣሉት። አንዴ የጋለ መያዣ መልሶ አይነክስም። አዲስ ሲገዙ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ውስጡ ያለው መያዣ በማግኔት ከተሳበ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፣ ናስ አይደለም። ከባድ ዕቃ አይችልም። እንዲህ ያለው ርካሽ ሶኬት ስንት ግድግዳ ሲያጠቁር አይቻለሁ።

የሌሎች ክፍሎች አምፖሎች አንዳንዱ ሲደምቅ ሌላው የሚደበዝዝ ከሆነ ግን ካቻቢቴውን ያስቀምጡ። ያ የዋናው ኒውትራል፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ችግር ነው፤ ዋናውን ብሬከር አውርደው ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ሰጪው ይደውሉ።

ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ይህ ሶኬት አይደለም። ማፍያው በቀን ግማሽ ሰዓት ቢሰራ ሶኬቱ ላይ የሚባክነው 0.02 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የሚበላው የሚያሞቅ ዕቃ ነው። 1500 ዋት የሻወር ማሞቂያ በ2 ሰዓት 3 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ 9 ዋት አምፖል ያን ያህል ለመጨረስ 333 ሰዓት ይፈጅበታል። ማሞቂያውን ከመታጠብዎ በፊት ብቻ ያብሩት። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ሁሉንም ዕቃ ነቅለው፣ ብሬከሮቹን ሳያወርዱ ቆጣሪውን ይዩ። አሁንም ከቆጠረ በየመስመሩ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ያውርዱ፤ ሲወርድ ቆጣሪው የቆመበት መስመር ላይ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ወይም የተረሳ ዕቃ አለ። ያንን መስመር ከመክፈትዎ በፊትም ብሬከር ማውረድ፣ ቴስተሩን በሚሰራ ሶኬት መሞከር።