ጥላው ሄዳ ነበር

ይድረስ ቴአትር ለምታዘጋጁት የአዳማ ልጆቼ፣ እንዲሁም ይህን ለሚያነብ ወጣት ሁሉ።

ባለፈው ሳምንት የቴአትራችሁን ጽሑፍ ይዛችሁ ቤቴ ስትመጡ የጠየቃችሁኝ የችሎቱን ትዕይንት ከሕግ አንጻር እንድመለከትላችሁ ብቻ ነበር። ባሏ ለዓመታት የደበደባት ሴት በመጨረሻ ትገድለዋለች፣ ፍርድ ቤትም ትቀርባለች። ቡናው በረካ ላይ ሳይደርስ ከመካከላችሁ አንዷ «ጋሼ፣ ተመልካቹ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፤ ለምን ጥላው አልሄደችም?» አለችኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥብቅና የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ግን መልስ አጥቼ ወሬውን ወደ አንቀጽ ቁጥሮች መለስሁትና ሸኘኋችሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያኔ የነፈግኋችሁን መልስ ለመስጠት ነው።

በ1986 ዓ.ም. ከተማችን ገና ናዝሬት ትባል ነበር። እኔም የ29 ዓመት ሰው፣ የጥብቅና ፈቃድ ካገኘሁ ብዙ ያልቆየሁ ነበርሁ። ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላት አንዲት ተከሳሽ ያለ ክፍያ እንድከራከርላት መደበኝ። ባሏ በአሰብ መስመር የሚሠራ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አሥራ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ይቆይና ይመለሳል። መኪናው ከመንገዱ ጫፍ ሲቆም ድምፁን ለይታ ስለምታውቀው የስድስት ዓመት ልጇን ወደ ጎረቤት ትልካለች፤ ጎረቤቶቹም ልጅቷ ስትመጣ ምን እንደሚከተል ስለሚያውቁ ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። ይህን የነገረችኝ እስር ቤት ሄጄ ለሁለተኛ ጊዜ ስንገናኝ ነው። በድምፅዋ ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ የቀን ሥራዋን እንደምትዘረዝር ሴት አንዱን ከሌላው አስከትላ ነገረችኝ።

በዚያ ምሽት በቀበቶ ሲገርፋት ቆይቶ ሲደክመው መደቡ ላይ ተቀመጠና «ራት አቅርቢ፤ ከበላሁ በኋላ እንጨርሳለን» አላት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ሲጀምር ዘነዘናውን ከሙቀጫው አንሥታ ሁለት ጊዜ መታችው። ከዚያም ነጠላዋን ለብሳ፣ ጋሪ ተሳፍራ ፖሊስ ጣቢያ ሄደችና ያደረገችውን ተናገረች። ባለ ጋሪው ፊቷን አይቶ ሒሳብ አልተቀበላትም።

ሕጉን በአጭሩ ላስረዳችሁ። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር፤ የ1997ቱም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539፣ 540 እና 541 ይህንኑ አከፋፈል ይዟል። አስቦና ተዘጋጅቶ በጭካኔ የገደለ በዕድሜ ልክ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል። መካከለኛው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል። ከባድ በሆነ ማነሣሣት ስሜቱ ገንፍሎ፣ ወይም ራሱን ሲከላከል ከመጠን አልፎ የገደለ ሰው ግን ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። የእርሷ ቦታ ይህ ሦስተኛው እንደ ነበር ዛሬ አልጠራጠርም። ያኔ ግን ለዓመታት መደብደቧን ባስረዳ፣ ዐቃቤ ሕጉ «እንግዲያው ቂም ይዛ፣ ቀን ጠብቃ ገደለችው» ብሎ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይወስዳታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህም ከዚያ አንድ ምሽት በቀር ስለ ሌላ ድብደባ ምንም እንዳትናገር አስጠነቀቅኋት።

በቦርሳዬ ውስጥ ግን አንድ ወረቀት ነበረ። የቀድሞው ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ መዝገብ ግልባጭ ሲሆን፣ ማኅተም ያረፈበት ነው። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ አመልክታለች። በመጀመሪያው ሁለት ጥርሶቿ መውለቃቸው፣ በሁለተኛው ነፍሰ ጡር ሳለች ተመትታ ጽንሱ መውረዱ፣ በሦስተኛው ልጇን አዝላ ሞጆ ወደሚገኙት ወላጆቿ መሄዷ ተጽፏል። በሦስቱም ግርጌ የሰፈረው ቃል አንድ ነው፤ «በሽማግሌ ታርቀው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል» ይላል።

ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ሰብሳቢው ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደ አባት ለስለስ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ጎረቤቶችሽ ባልሽ ይመታሽ እንደ ነበር ይናገራሉ። ታዲያ ለምን ጥለሽው አልሄድሽም? ለማንስ አመልክተሽ ታውቂያለሽ?» ሲሉ ጠየቋት። ዞራ አየችኝ። ልናገር ወይስ ዝም ልበል ብላ ፈቃድ እየጠየቀችኝ ነበር። እኔ ዓይኔን ወደ ቦርሳዬ ሰበርሁ። «የለም ጌታዬ፤ ለማንም አላመለከትሁም» አለች። ከጎኗ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የእርሷን አቤቱታ በጉልበቴ ላይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ያን ጊዜ ተነሥቼ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የማቀርበው ሰነድ አለኝ» ለማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም ነበር። ዳኛው ቃሏን ለጸሐፊው አስጻፉ፤ እኔም ዝም እንዳልሁ ቀረሁ።

ፍርዱ ሲነበብ መልሷ ቃል በቃል ተመልሶ መጣ። ተከሳሿ በደል ደርሶባት ቢሆን ኖሮ ለሚመለከተው አካል አቤት ማለት ትችል እንደ ነበር፣ ይህን ባለማድረጓም ከባድ ማነሣሣት ነበረ ለማለት እንደማይቻል፣ ሟቹም በተመታበት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ከመፍታት በቀር እንዳልተነሣባት ተዘርዝሮ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደባት። ወደ መኪናው ሲወስዷት ለድካሜ አመሰገነችኝ።

ቂም ይባላል ብዬ ፈራሁ ያልሁት እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። በዚያ ወረቀት ግርጌ ከፈረሙት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ አጎቴ ነበር። ወረቀቱ በችሎት ቢነበብ ስሙ ይነበባል። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ቤትሽን አትበትኚ» ሲላት ቤቱ የሚድን መስሎት ነው። እኔ ግን የሕግ ስልት ነው እያልሁ የዘመዴን ስም ስሸፍን፣ እርሷን ያለ ማስረጃ አቆምኋት። አጎቴ እስኪሞት ድረስ ይህን አልነገርሁትም፤ ባለቤቴም የሰማችው ይህን ደብዳቤ ሳነብላት ነው።

ሴት መምታት ነውርም ወንጀልም መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በእኔ ዘመን ግን ከሕጉ መጽሐፍ ጋር ነበር የምንታገለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር፤ በፌዴራል ደረጃ የተሻረው በ1992ቱ የቤተ ሰብ ሕግ ነው። በትዳር ውስጥ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት በስሙ ጠርቶ የሚያስቀጣው አንቀጽ 564 የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ቢሆን አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጭ» ይላልና፣ ባል በዚህ አንቀጽ አይከሰስም። በዕድሜያችሁ ይህ ሲለወጥ ልታዩ ይገባችኋል።

የሕጉ መለወጥ ብቻውን ምን ያህል እንደማይበቃ የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አሳይቶኛል። ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብለው የመለሱት ከተጠየቁት ሴቶች 63 ከመቶው፣ ከተጠየቁት ወንዶች ደግሞ 28 ከመቶው ናቸው። ብዙዎች ይህን ሲያዩ በሴቶቹ ይገረማሉ። እኔ ግን አጎቴንና ጓደኞቹን ነው በዚያ ቁጥር ውስጥ የሰማኋቸው። «ቻይው» እየተባለች ያደገች ልጅ ሌላ ምን ልትመልስ ትችላለች?

እናንተ ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፤ በዚህ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ግን መናገርን ከስልክ ጋር ብቻ ማያያዛችሁ ነው። ያበጠ ፊት ፎቶ ተነሥቶ ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለቅሳል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይረሳል፤ ሐኪም ቤት ግን ማንም አልወሰዳትም። ወይም ሄዳ «ከደረጃ ወደቅሁ» ትላለች፣ ካርዷም ላይ ይኸው ይጻፋል፤ ከዓመታት በኋላ ያ ካርድ በችሎት ሲቀርብ የሚመሰክረው በእርሷ ላይ ነው። እኅታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ወደ ሕክምና ስታጅቡ፣ ለመክሰስ ባታስብ እንኳ ለሐኪሙ እውነቱን እንድትናገር ለምኗት። ከቤት መውጣት ካለባትም የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር በከተማችን መጠለያ አለው፤ የእኔ ደንበኛ ከወላጆቿ ቤት በቀር የምትሄድበት አልነበራትም።

በድብደባ ጉዳይ ሽማግሌ አይግባ የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ሆኖም ባለፈው ዓመት አንዲት የሠፈራችን ልጅ ራሷ ለምናኝ ለሽምግልና ተቀምጫለሁ። ባልየው ዳግመኛ ቢነካት ምስክር ሆኜ ጣቢያ እንደምቀርብ በፊቷ ነግሬው ወጣሁ። ደግ አድርጌ እንደሆነ አላውቅም። ከአርሲ የመጡ አንዲት እናት ሲነግሩኝ፣ በእነርሱ አገር አራስ ሴት የተመታች እንደሆነ ሴቶቹ ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው፣ እየጮሁ ይወጣሉ፤ ባልየው በአደባባይ ይቅርታ ካልጠየቀ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በሽማግሌ ከታረቁት ከእነዚያ ሦስት አቤቱታዎች አንዱ እንኳ እንዲህ ያለ ጩኸት ቢያገኝ ኖሮ እያልሁ አስባለሁ።

ስለ ጽሑፋችሁ ሁለት ነገር ልበል። በግድያ ወንጀል ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ እንጂ የሟች ወንድም አይደለም፤ ቤተ ሰቦቹ በጉማ፣ ማለትም በደም ካሣ፣ ቢታረቁም ክሱ አይቆምም። ሁለተኛው መጨረሻው ነው። ነጻ ስትወጣ አዳራሹ እንዲያጨበጭብ ፈልጋችኋል፤ እኔ ግን ሰው ሞቶ ማጨብጨብ አልወድም። ነጻ መውጣቷ ከእውነት የራቀ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እኔ ከተሸነፍሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚሁ አጠገባችን አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን በገዛ መሣሪያው ገድላ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ቆመላት፣ የደረሰባትንም አንድ ሳያስቀሩ ለችሎቱ አስረዱ፣ ራስን መከላከል ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። ያን ዜና የሰማሁ ዕለት ቢሮዬን ዘግቼ ቤቴ ሄድሁ።

ደንበኛዬ አሥር ዓመት ታስራ በአመክሮ ወጣች። አንድ ቀን ጠዋት ቢሮዬ መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ልጇን ያሳደጓት የአባቷ ዘመዶች ነበሩ፤ 16 ዓመቷ ነው፤ እናቷን ያወቀቻት አባቷን ያለ ምክንያት እንደ ገደለች ሴት ብቻ ነው። «ያ ወረቀት አሁንም እርስዎ ዘንድ ይኖር ይሆን? ለልጄ እንዳሳያት» አለችኝ። ከዶሴው አውጥቼ ሰጠኋት። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት እርሷ ወረቀቱን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ እየቋጠረች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሄዳ ነበር፣ ሦስት ጊዜም መልሰናታል። ተመልካቹ ከጠየቃችሁ ይህንኑ ንገሩት። ዳኛው «ለምን ጥለሽው አልሄድሽም?» በሚልበት ትዕይንት ላይ ደግሞ ለጠበቃው ምንም ንግግር አትጻፉለት፤ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጥ። ቅዳሜ ለልምምዱ እመጣለሁ፤ እንዴት ተቀምጬ እንደ ነበር አሳየዋለሁ።