መልስ፦ የ2017ቱ ጁማንጂ ከልጆች ጋር ይታያል?

በፈረንጆቹ 1995 የወጣውን የጁማንጂ ፊልም እንደምትወጂው ጽፈሽ፣ የ2017ቱ ከልጆች ጋር ይታይ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ እዚህ ሐዋሳ ከእህቴ ልጆች ጋር ሁለቴ አይቼዋለሁ። ይታያል።

ግን የድሮውን ፊልም አትጠብቂ። ያኔ በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር፤ አውሬዎቹ ከጨዋታው ጫካ ወጥተው ቤት ድረስ ይመጣሉ። በአዲሱ ቪዲዮ ጌም ሆኗል፤ አራት ተማሪዎች ናቸው ተስበው ወደ ውስጡ የሚገቡት። ሳቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፈሪው ቀጫጫ ልጅ የተዋናዩን የድዋይን ጆንሰንን ጡንቻ ይዞ ብድግ ይላል፣ ፍርሃቱ ግን አብሮት ገብቷል። ከስልኳ የማትለየው ቆንጆ ደግሞ ጢማም ጎልማሳ ሆና ታርፈዋለች። ይህችን ልጅ የሚጫወታት ጃክ ብላክ ነው፤ ለእኔ ፊልሙን የተሸከመው እሱ ነው።

ጌም የማይጫወት ሰውም አይቸገርም። እያንዳንዳቸው 3 ነፍስ አላቸው፣ ሲያልቅ አለቀ። አንድ ገጸ ባሕርይ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሲደጋግም ግን አልገባኝም ነበር። ልጆቹ፣ አቶቴ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውሉ ናቸው፣ "ጌም ውስጥ እኮ እንደዚህ ነው!" ብለው አስረዱኝ።

ክፉው ሰውዬ ደካማ ነው፣ አያስፈራም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ልጅቷ በወንድ ገላ ሽንቷን ለመሽናት የምትማርበት ቦታ አለ። ከትንንሾቹ ጋር ያሳፍራል። እኔማ ቡናው ገነፈለ ብዬ ወጣሁ።