ኮሮና ከለቀቀኝ በኋላ ቃል ይጠፋኝ ነበር

እህቴ፣ ኮሮና ከያዘሽ 5 ወር አልፎም ቃል እንደሚጠፋሽ፣ የጣድሽው ወጥ እንደሚያርርብሽ ጽፈሻል። «እያበድኩ ይሆን?» ብለሻል። አላበድሽም። እኔም አልፌበታለሁ።

ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። በ2013 ዓ.ም. ነው የያዘኝ። ሆስፒታል እንኳን አልተኛሁም፤ ሳሉ በሁለት ሳምንት ለቀቀኝ። ጭንቅላቴ ግን ቶሎ አልተመለሰም። ለዓመታት በቃሌ የያዝኩት ዋጋ ይጠፋኛል። ስኳር ላመጣ ጓዳ እገባና ለምን እንደገባሁ ጠፍቶኝ እቆማለሁ። አንድ ቀን ዱቤ ልመዘግብ ስል የጎረቤቴን ስም አጣሁት። ፊት ለፊቴ ቆመው! ያን ዕለት ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሰው «ሐሳብ ስለምታበዢ ነው» ይልሻል። አትስሚ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2014 ዓ.ም. ለዚህ ሕመም ትርጉም አውጥቶለታል፤ ከያዘሽ 3 ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ብሎ። ስለዚህ ሌላውን ምክንያት አስመርምሪ። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ስኳር። ድብርትና እንቅልፍ ማጣትም ያስረሳሉ። እኔ ደም ማነስ ተገኘብኝ፤ ሲታከም ትንሽ ቀለለኝ፣ ሁሉም ግን አልሄደም።

ትልቁ ስህተቴ መታገሌ ነበር። ሐሙስ ገበያ ይደምቃል፤ እንደ ድሮዬ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ እውላለሁ። በዕለቱ ደህና ነኝ። ዓርብና ቅዳሜ ግን ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል፣ የሰው ወሬ እንኳን አይገባኝም። ሁለቱ መያያዛቸውን ለማወቅ ወራት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ሳይደክመኝ ማረፍ ጀመርኩ። ሒሳብ ጠዋት ብቻ፣ ከዚያ ሬዲዮም ስልክም ዘግቼ ጋደም። ሐሙስን ለእህቴ ልጅ ለቀቅኩላት። የማታውን ቡናም ተውኩ፤ እንቅልፌን ይነሳኝ ነበር። ጅማ ተቀምጦ ቡና እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ ጎረቤት ይቀየማል። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ተረዱኝ።

ምድጃው ላይ የጣድሽውን ነገር በስልክሽ ማንቂያ ያዢ። እኔ እስካሁን እንደዚያው ነው የማደርገው። ለመሻል ከዓመት በላይ ወሰደብኝ፤ ዋጋውን አሁን ሳላይ እናገራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፦ አፍሽ በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጅሽ ከዛለ ወይም ንግግርሽ ከተኮላተፈ ይሄ ሌላ ነው፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ለቀጠሮሽ ደግሞ የሚብስብሽን ቀንና በዋዜማው የሠራሽውን ጽፈሽ ያዢ። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ ይጠፋሻልና።